አናቷ የተቆረጠ ሸ

ትክክለኛ ስሟን የሚያውቀው የደመወዝ ክፍሉ ብቻ ነበር ቢባል ከእውነት አይርቅም። የጋዜጣው ሰዎች አራት ነጥብ ነበር የሚሏት፤ ፊት ለፊት ሲያነጋግሯት ደግሞ እትዬ። ቅጽል ስሙን ያወጡላት የማተሚያ ክፍሉ ሠራተኞች ናቸው። ጋዜጣው ወደ ማሽን ከመግባቱ በፊት የመጨረሻዋ አንባቢ እሷ ነበረች። እሷ ከፈረመች በኋላ አንዲት ፊደል የሚጨምርም የሚቀንስም አልነበረም። ጠባይዋም ስሙን ሳያግዘው አልቀረም። ሰው ሲከራከራት ዝም ብላ ትሰማና አንድ ዓረፍተ ነገር ተናግራ ወደ ወረቀቷ ትመለሳለች፤ ክርክሩም እዚያው ያከትማል።

የአራሚዎች ክፍል ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ ከደረጃው ጀርባ ነበር። ሦስት ጠረጴዛ፣ ሦስት መብራትና ከጎረቤት ሕንፃ ግድግዳ ሌላ ምንም የማያሳይ አንድ መስኮት ነበረው። አራት ነጥብ በመስኮቱ በኩል ካለው ጠረጴዛ ሃያ ሦስት ዓመት አልተነሣችም። አሠራሯን ሁሉም ያውቀዋል። መጀመሪያ ጽሑፉን እንደ ማንኛውም አንባቢ ታነበዋለች። ቀጥላ ማስመሪያዋን ከመስመሩ ሥር ታስገባና ከመጨረሻው ቃል ተነሥታ ቃል በቃል ወደ ኋላ ትመለሳለች። ሐሳቡ ሲጥም ዓይን ይታለላል፤ ከኋላ ሲነበብ ግን ሐሳብ የሚባል ነገር ስለማይኖር የሚቀረው ፊደል ብቻ ነው ትል ነበር። ቀይ እስክሪብቶዋን ለማንም አታውስም።

ባሏ ሰዓት ሠሪ ነው። ሱቁ ከመኖሪያ ቤታቸው ጋር የተያያዘ ሲሆን አንዱ በር ወደ መንገድ፣ ሌላው ወደ ወጥ ቤት ይከፈታል። ልጅ አልወለዱም። በዚህ ጉዳይ ዘመድ ብዙ ያወራ ነበር፤ እነሱ ግን ወሬውን ሲሰለቹት ትተውታል። ሁለቱም ቀኑን ሙሉ ትንንሽ ነገር ላይ ሲያፈጡ ስለሚውሉ ቴሌቪዥን አልገዙም። ከሥራ ሲገቡ ራዲዮ ይሰማሉ።

ነገሩ የጀመረው በአንድ የምስጋና ማስታወቂያ ነው። ባሏ የሞተባት አንዲት የልብስ ስፌት አስተማሪ፣ ያጽናኗትን ሰዎች ለማመስገን በጋዜጣው ላይ አራት መስመር አወጣች። በእጇ ጽፋ ያመጣችው «ውድ ባለቤቴ በሞት ሲለየኝ» ይላል። ታትሞ የወጣው ደግሞ «ውድ ባለቤቱ በሞት ሲለየኝ»። ሴትየዋ ጋዜጣውን አጥፋ በቦርሳዋ ይዛ መጣች። አልጮኸችም። የአቅጣጫ ምልክቶቹን እየተከተለች ደረጃውን ወጥታ አራሚዎቹ ክፍል ገባች፣ ጋዜጣውን አራት ነጥብ ፊት ዘረጋችና ጣቷን ቃሉ ላይ አሳረፈች።

«ባለቤቱ ይላል» አለች። «የማን?»

አራት ነጥብ ከወንበሯ ተነሣች። ይቅርታ ጠየቀች፣ በሚቀጥለው እትም እርማት እንደሚወጣ ነገረቻት፣ እስከ ደረጃው ድረስም ሸኘቻት። ከዚያ ተመልሳ የዚያን ቀን ያረመችበትን ወረቀት ከመሳቢያ አወጣች። ፊርማዋ አለ። ቃሉም አለ። በቴና በቱ መካከል ያለውን ልዩነት ከስድስት ዓመቷ ጀምሮ ታውቀዋለች፤ አንደኛዋ እግሯ ላይ ቀለበት አላት፣ ሌላዋ ወገቧ ላይ ጭረት። አሁን ግን ከፊደሉ በስተቀኝ የተንጠለጠለ አንድ ጥቁር ነገር ብቻ ነው የሚታያት። ወደ መስኮቱ ወሰደችው። ልዩነት አልነበረውም።

የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተጻፈላት፤ ፈርማ ተቀበለች። ሲጠይቋት በችኮላ ነው አለች። በሥራዋ ላይ ዋሽታ አታውቅም ነበር።

ከዚያ በኋላ ከባሏ ሁለት የዓይን ማጉያዎች አንደኛው ከቦታው መጥፋት ጀመረ። ጠዋት ከእሷ ጋር ይወጣል፣ ሲመሽ ይመለሳል። ሰዓት ሠሪው ለሁለት ሳምንት ያህል ባለው ሲሠራ ቆየ። ከዚያ ሦስተኛ ማጉያ ገዝቶ ከወጥ ቤቱ በር አጠገብ፣ በእሷ ቁመት ልክ፣ ምስማር መትቶ ሰቀለው። ስለዚህ ጉዳይ አንድም ቃል አልተለዋወጡም። ሐኪም ጋ ሂጂ ሊላት አስቦ ነበር፤ ራሷ እስክታነሣው ልጠብቅ ብሎ ተወው። እሷ ደግሞ ዓይኗ የታመመ አራሚን ማን ያስቀምጣል ብላ አላነሣችውም።

በዚህ ሁኔታ ሁለት ዓመት አለፈ። አንድ ቀን ጋዜጣው በወረቀት መታተም ሊያቆም መሆኑ ተነገረ። ከእንግዲህ አንባቢው በስልክና በኮምፒውተር ነው የሚያነበው። የማተሚያ ማሽኑ ተፈታቶ በጭነት መኪና ሄደ። ከሦስቱ አራሚዎች አንደኛው ጡረታ ወጣ፣ ሌላኛዋ መማሪያ መጽሐፍ የሚያትም ድርጅት ገባች። አራት ነጥብን ዋና አዘጋጁ ለጊዜው ብሎ ሦስተኛ ፎቅ ወዳለው የድረ ገጽ ክፍል ወሰዳት። አሥራ አምስት ዓመት አብረው ስለሠሩ ሊያሰናብታት አልፈለገም፤ ምን እንደምትሠራ ግን እሱም በደንብ አያውቅም ነበር።

ክፍሉ የመስታወት በር፣ አራት ኮምፒውተርና ሲዞር የሚንቋቋ የአየር ማራገቢያ ነበረው። እዚያ የሚሠራው ገጽ ሠሪው ነው። የገጹን መልክ የሚያወጣው፣ ፊደሉ ምን እንደሚመስል፣ ርዕሱ የት እንደሚቀመጥ የሚወስነው እሱ ነበር። ሠላሳ አምስት ዓመት ገደማ የሚሆነው፣ ዝምተኛ፣ ማዳመጫ ከጆሮው የማይወርድ ሰው ነው። በመጀመሪያው ሳምንት በመካከላቸው ከጠዋት ሰላምታ ያለፈ ነገር አልነበረም። እሱ የወረቀት ዘመን ትርፍ ሰው እንደ ጫኑበት አስቧል። እሷ ደግሞ አፍንጫዋን ከስክሪኑ ጋር አጣብቃ፣ ነጭ ላይ የተረጨ ግራጫ አመድ የሚመስለውን ጽሑፍ ለማንበብ ትታገላለች። ማጉያውን እዚህ ማውጣት አይቻልም፤ በሩ መስታወት ነው።

በስምንተኛው ቀን ገጽ ሠሪው ማዳመጫውን እንኳ ሳያወልቅ ጎንበስ ብሎ በኪቦርዷ ላይ ሁለት ቁልፍ አንድ ላይ ተጫነ። ፊደሎቹ አደጉ። ደግሞ ተጫነ፤ ደግሞ አደጉ። የቴ ቀለበት ቀለበት ሆኖ ታየ። አራት ነጥብ ቀስ ብላ ጀርባዋን ቀና አደረገችና ወንበሩ ላይ ተደላደለች።

«የት ነው የተጻፈው?» ስትል ጠየቀችው።

ማዳመጫውን አወለቀ። «ምኑ፣ እትዬ?»

«ትልቅነቱ።»

ጽሑፉ በአንድ ፋይል፣ የጽሑፉ መልክ በሌላ ፋይል እንደሚቀመጥ ነገራት። ጋዜጠኛው የጻፈው አንደኛው ውስጥ አለ፤ ፊደሉ በየትኛው ፎንት፣ ማለትም በየትኛው የፊደል ቅርጽ፣ በምን መጠን፣ በምን ውፍረትና ቀለም ይታይ የሚለው ትእዛዝ ደግሞ ሁለተኛው ውስጥ። ይህን ሁለተኛውን ሲኤስኤስ ይሉታል። ይህን ያህል ከነገራት ይበቃታል ብሎ ነበር። እሷ ግን ወንበሯን ስባ አጠገቡ ተቀመጠች፤ አሳየኝም አለችው።

ከዚያን ዕለት ጀምሮ ያ ፋይል ለእሷ እንደ ማንኛውም ለእርማት የቀረበ ጽሑፍ ሆነ። አሳትማ ቤቷ ወሰደችው፣ በማጉያ አነበበችው፣ ያልገባትን በቀይ አሰመረችበት። ጠዋት ጠዋት ጥያቄዎቿን ትደረድራለች። ገጽ ሠሪው መጀመሪያ በሁለት ቃል ይመልስላት ነበር፤ በኋላ በሦስት ዓረፍተ ነገር፤ ከወር በኋላ ማዳመጫው አንገቱ ላይ መዋል ጀመረ።

በመጀመሪያ የገባት የፎንቶቹ ሰልፍ ነው። ትእዛዙ አንድ ፎንት ብቻ አይጠራም፤ በተራ የተደረደሩ ስሞችን ይጠራል። የአንባቢው ስልክ የመጀመሪያው ከሌለው ሁለተኛውን ይፈልጋል፣ እሱም ከሌለ ሦስተኛውን፣ አንዱም ከታጣ ከራሱ ጓዳ ያገኘውን ያወጣል። ገጽ ሠሪው እንደ ኳስ ቡድን ተቀያሪዎች አስቢው አላት። እሷ ኳስ ባታውቅም ነገሩን ያዘችው፤ ታዲያ የኛን ፊደል የማያውቅ ተቀያሪ ቢገባስ አለችው። ባዶ ባዶ ሳጥን ይታያል ሲል መለሰላት።

ስለ ውፍረትም ተማረች። አንዳንድ ፎንት ወፍራም መልክ ጭራሽ አልተሠራለትም። ርዕሱ ይወፍር ተብሎ ሲታዘዝ ኮምፒውተሩ ቀጭኑን ፊደል በግድ ያደልበዋል። በላቲን ፊደል ብዙም አያስታውቅም። በእኛ ግን የቴ ቀለበት ይደፈንና ቲ ትመስላለች፤ ቤም ቢ ትሆናለች። ፊደሉ ወደ ጎን ይዘንበል ሲባልም እንደዚሁ ነው፤ መስመሩ ሁሉ ነፋስ የገፋው አጥር ይመስላል። አራት ነጥብ ይህን ደጋግማ አየችው። የፊደል ስህተት ሳይኖር የተሳሳተ ጽሑፍ ሊኖር እንደሚችል አስባ አታውቅም ነበር።

ገጽ ሠሪው ሰው አድርጎ የቆጠራት ግን በአንዲት ሰረዝ ምክንያት ነው። ሁለት ቀን ሙሉ አንድ ትእዛዝ አልሠራ ብሎት ላይ ታች ሲል ነበር። የአንቀጾቹ ቀለም ይጥቆር ብሎ ጽፏል፤ ቀለሙ ንቅንቅ አላለም። ፋይሉን ሦስት ጊዜ አነበበው። አራት ነጥብ ስክሪኑን አጎልታ፣ እንደ ልማዷ ከታች ወደ ላይ ስታነብ ቆየችና ጣቷን አንድ መስመር መጨረሻ ላይ አደረገች።

«ይቺ የኛ ናት» አለችው።

ትእዛዙ በላቲን ነጥብና ሰረዝ መዘጋት ሲኖርበት፣ ኪቦርዱ በአማርኛ እንዳለ ስለተጻፈ በድርብ ሰረዝ ተዘግቷል። ለእሱ ዓይን ሁለቱም ነጥብና ጭረት ናቸው። ኮምፒውተሩ ግን ድርብ ሰረዙን አያውቀውም፤ ስለዚህ መስመሩን ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎታል። ገጽ ሠሪው አስተካከለው፤ ቀለሙ ጠቆረ። ከወንበሩ ተነሥቶ ሻይ አመጣላት። ለሰው ሻይ ሲያመጣ የታየበት የመጀመሪያው ቀን ነው ይላሉ።

ያን ሰሞን ገጽ ሠሪው የድረ ገጹን መልክ አዲስ አደረገው። ርዕሶቹ በቀጫጭን ሳጥኖች ውስጥ ገብተው፣ ሁሉም እኩል ቁመት ኖሯቸው፣ መስመር ይዘው ተደረደሩ። ዋና አዘጋጁ አይቶ አመሰገነ። በሁለተኛው ሳምንት አንድ ማክሰኞ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ የቢሮ ዕቃ ነጋዴው መጣ።

ነጋዴው ጋዜጣው ላይ ማስታወቂያ ሲያወጣ ዓመታት ያስቆጠረ ትልቅ ሰው ነው። ሰኞ ዕለት «ያገለገለ የቢሮ ዕቃ ይሸጣል» የሚል ማስታወቂያ አውጥቷል። ማክሰኞ ጠዋት መጋዘኑን ሊከፍት ሲሄድ በሩ ላይ ከአርባ የማያንስ ሰው ተሰልፎ ጠበቀው። ጋሪ የያዘ አለ። ሁለት መምህራን ትምህርት ቤታቸው የላካቸው መሆኑን የሚገልጽ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ይዘዋል። አንዲት አሮጊት ለልጅ ልጃቸው አንድ ጠረጴዛ ብቻ እንደሚፈልጉ ነግረው መርቀውታል። ነጋዴው ነገሩ እስኪገባው ድረስ አንድ ሰው ወንበር ተሸክሞ ሄዷል። እሱ ይህን ሁሉ ሲናገር ደሙ ፈልቶ ነበር፤ ሦስተኛ ፎቅ በእግሩ መውጣቱም አላገዘውም።

ገጽ ሠሪው በረጋ መንፈስ ገጹን በራሱ ኮምፒውተር ከፈተ። ይሸጣል ይላል። ነጋዴው ስልኩን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ይሰጣል ይላል። ዋና አዘጋጁ ተጠርቶ መጣና ሁለቱንም አየ። አንድ ገጽ፣ አንድ ማስታወቂያ፣ ሁለት ቃል። ገጽ ሠሪው ስልኩ ተበላሽቶ ይሆናል አለ፤ ነጋዴው አርባ ስልክ አንድ ቀን ይበላሻል ወይ ብሎ መለሰለት። ማስታወቂያውን የመዘገበችው ጸሐፊ ከበሩ ውጭ ቆማ እኔ ሸ ነው የጻፍኩት ትላለች።

አራት ነጥብ ስልኩን ጠየቀች። ነጋዴው ሰጣት። ቃሉን በሁለት ጣቷ ለጥጣ አጎላችውና ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ማስታወቂያውን ትታ ወደ ላይና ወደ ታች እያለች የሳምንቱን ርዕሶች ሁሉ አነበበች።

«አልተሳሳተም» አለች በመጨረሻ። «ተቆርጦ ነው። ሸ ማለት አናቷ ላይ መስመር ያላት ሰ ናት። አናቷን ቆርጣችሁታል።»

ከዚያ ሌሎቹን አሳየቻቸው። ሆስፒታሉ ሃያ መኝታ መጨመሩን የሚናገረው ዜና፣ በስልኩ ላይ ሃያ መንታ ጨመረ ይላል። አዲስ የተሾመው ዳኛ ዳና ሆኗል። ከከተማው ዳር የታየው ጅብ ድብ ነው። ስለ ድቡ ባለፈው ሳምንት አንድ አንባቢ ደውሎ፣ ድብ ደግሞ ከየት መጣ ብሎ ጠይቆ ነበር፤ ቀልደኛ መስሏቸው ስልኩን ዘግተውበታል።

ምክንያቱን ገጽ ሠሪው ራሱ አገኘው፤ ለማግኘትም አሥር ደቂቃ አልፈጀበትም። በሰልፉ መጀመሪያ ላይ የጠራው ፎንት አጠር ያለ ቁመት ያለው ነው፤ እሱም ያለው በጋዜጣው ቢሮ ኮምፒውተሮች ላይ ብቻ ነው። የአንባቢዎቹ ስልኮች ያንን ሲያጡ የራሳቸውን ያወጣሉ፤ የስልኮቹ ፊደል ደግሞ ረዘም ይላል። ርዕሱ የተቀመጠበት ሳጥን ቁመት የተወሰነ ነው፤ በመስመርና በመስመር መካከል ያለው ክፍተት እጅግ ጠባብ ነው፤ ከሳጥኑ የተረፈው ይደበቅ የሚል ትእዛዝም አለ። ስለዚህ ከላይ የተረፈው ተደበቀ። ቢሮ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ገጹን የሚያየው በቢሮው ኮምፒውተር ስለሆነ ማንም ልብ አላለም። ፎንቱ ከገጹ ጋር አብሮ ለአንባቢው እንዲላክ አደረገ፣ የመስመሩን ክፍተት አሰፋ፣ የመደበቂያውን ትእዛዝ አጠፋ። በነጋዴው ስልክ ላይ ገጹ እንደገና ሲከፈት ዕቃው የሚሸጥ ሆነ።

ነጋዴው ማስታወቂያው ለአንድ ወር በነጻ እንዲቆይለት ተደረገና ተረጋጋ። ሲወጣ አሮጊቷ ጠረጴዛቸውን እንደወሰዱ ተናገረ፤ ከመረቁኝ በኋላ ምን ልበላቸው አለ።

በዚህ ነገሩ ያልቅ ነበር፤ አራት ነጥብ ግን በርዕሶቹ አላበቃችም። በማግስቱ በቀይ የተሞላ ሁለት ገጽ ወረቀት ገጽ ሠሪው ፊት አስቀመጠች። የአንቀጾቹ ፊደል ይጨመር። ግራጫው ይጥቆር። መስመሮቹ ይራራቁ፤ ፊደላችን ከላይም ከታችም ምልክት ስላለው ተፋፍጎ አይነበብም። መጠኑም በማይለወጥ ቁጥር አይጻፍ፤ አንባቢው በራሱ መሣሪያ ላይ ፊደሌን አጉላልኝ ብሎ ካዘዘ ገጹ አብሮ እንዲያድግ ሬም በሚባለው መለኪያ ይጻፍ። ይህንን የመጨረሻውን ማንም አልነገራትም፤ ራሷ ፈልጋ ያገኘችው ነው።

ገጽ ሠሪው አነበበውና አንገቱን ነቀነቀ። በወጉ ተከራከራት። እንዲህ ከተደረገ ገጹ የሕፃናት መጽሐፍ ይመስላል፤ አንድ ዜና ለማንበብ ጣት እስኪደክም ወደ ታች መግፋት ይመጣል፤ ሦስት ወር የለፋበት መልክም ገደል ይገባል አላት። እሷም ከሐሳቧ አልተመለሰችም። በመጨረሻ ድምፁን ሳያነሣ እንዲህ አለ፦

«እትዬ፣ ለአንድ ሰው ዓይን ተብሎ ገጽ አይሠራም።»

ስለ ዓይኗ የሚያውቅ አልመሰላትም ነበር። ወረቀቷን ሰብስባ ወደ ጠረጴዛዋ ሄደች። ቤቷ ስትደርስ ባሏ አንድ የኪስ ሰዓት ፈታትቶ ከፊቱ በትኖታል። የሆነውን ነገረችው። እሱም መቆንጠጫውን ሳያስቀምጥ ሰማት።

«እኔም አውቃለሁ» አላት። «መጀመሪያ ያወቅኩት ስኳር መስሎሽ ጨው የጨመርሽ ዕለት ነው።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«አንቺ ለምን አልነገርሽኝም?»

ተነሥታ ራት አቀረበች።

በማግስቱ ጠዋት ሦስተኛ ፎቅ ከመውጣቷ በፊት ዋና አዘጋጁ ቢሮ ገባች። ቆማ ነው የተናገረችው። «ዓይኔ ታሟል፤ ሁለት ዓመት አልፎታል። ያ የምስጋና ማስታወቂያ በችኮላ አልነበረም፤ ስላላየሁት ነው።» ሊያሰናብታት ከሆነ አሁን እንዲነግራት ጠየቀች።

ዋና አዘጋጁ እንድትቀመጥ ጋበዛት። ከዚያ ከጠረጴዛው በታች ያለውን መሳቢያ ከፍቶ አንድ የወረቀት ክምር አወጣ። የድረ ገጹ ዜናዎች ናቸው፤ በትልቅ ፊደል ታትመዋል። ገጹ ከተከፈተ ጀምሮ በስክሪን አንብቦ ጨርሶት የማያውቅ መሆኑን፣ ጠዋት ጠዋት ጸሐፊዋ እያተመች እንደምታመጣለት፣ ይህንንም ለሰው መናገር አሳፍሮት እንደቆየ ነገራት። የራሱን ጋዜጣ ማንበብ የማይችል አዘጋጅ ነበር። አራት ነጥብ ክምሩን አየች። ልትስቅ ፈልጋ ነበር፤ ሆኖም ሰውዬው ስላልሳቀ ተወችው።

ገጽ ሠሪው ተጠራ። ወረቀቱን አሳዩት። እሱም ክምሩን አንድ በአንድ ገለጠ፣ የታተሙበትን ቀን አየ፣ መልሶም አስተካክሎ አስቀመጠው። ወደ ክፍላቸው ሲወጡ ደረጃው ላይ ቆም ብሎ ለአራት ነጥብ እንዲህ አላት፦

«ለአንድ ሰው አይሠራም ያልኩት ልክ ነው። ቁጥሩን ነው የተሳሳትኩት።»

ከዚህ የተሻለ ይቅርታ ከእሱ አይጠበቅም ነበር፤ እሷም ሌላ አልጠበቀችም። ለውጡን አብረው በአሥራ አንድ ቀን ጨረሱት። እሷ በአሮጌ ስልክ፣ በርካሽ ስልክ፣ ስክሪኑ በተሰነጠቀ ስልክ ሳይቀር እየከፈተች ታነባለች፤ እሱ ያስተካክላል። አንዳንዱን መስመር እሷ ራሷ ጻፈችው። በፋይሉ ውስጥ ኮምፒውተሩ ሳያነበው የሚያልፈው፣ ለሰው ብቻ የሚጻፍ ማስታወሻ ማስገባት እንደሚቻል ሲነግራት በጣም ደስ አላት፤ ከየትእዛዙ በላይ ምክንያቱን በአማርኛ አስቀመጠች። አንደኛው «ይህን ክፍተት አታጥብቡ፤ ሸ ትቆረጣለች» ይላል። ሌላኛው «እዚህ ውስጥ ድርብ ሰረዝ አይገባም። አውቃለሁ፣ ያምራል»።

ሐኪም ጋ የሄደችው ከዚያ በኋላ ነው። ባሏ ሱቁን ዘግቶ አብሯት ሄደ። በሁለቱም ዓይኗ ሞራ ነበረባት። ግራ ዓይኗን በተጨማሪ የዓይን ግፊት ጎድቶታል፤ ቀደም ብለሽ መጥተሽ ቢሆን ኖሮ አላት ሐኪሙ፤ ዓረፍተ ነገሩንም አልጨረሰውም። የቀኙ ሞራ ተገፎ ተሳካ። የግራው ብርሃንና ጥላ ከመለየት አላለፈም።

ፋሻው ሲነሣላት መጀመሪያ ያየችው ባሏን ነው። ጢሙ መቼ እንደ ሸበተ ጠየቀችው። ቆየ አላት። ቤቷን ስታይ ደግሞ ባየችው አቧራ ደንግጣ ሁለት ቀን ሙሉ ስትወለውል ቆየች፤ ሐኪሙ ጎንበስ እንዳትል አስጠንቅቋት ነበርና ባሏ ተቆጣት።

ወደ ሥራ ተመልሳ ገጹን ስትከፍተው ፊደሉ ትልቅ ሆኖ ታያት፤ ግድግዳ ላይ የተጻፈ ነው የመሰላት። ገጽ ሠሪው ከጎኗ ሆኖ ያያት ነበር። ትንሽ ልቀንሰው ወይ ሲል ጠየቃት። እሷም በአንድ ዓይኗ ለትንሽ ጊዜ ካየችው በኋላ ይቆይ አለች።

ከዚያ በኋላ አራት ዓመት ሠርታ ጡረታ ወጣች። ገጽ ሠሪው ከእሷ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ የተሻለ ሥራ አግኝቶ ሄዷል። በእሱ ቦታ የተተካው ሰው ገጹን እንደገና ቀይሮታል፤ ማስታወሻዎቿ ይኑሩ አይኑሩ አልጠየቀችም። ዋና አዘጋጁ አሁን በስልኩ ያነባል።

በቅርቡ የመድኃኒት አወሳሰድ መመሪያ በድረ ገጽ የሚያወጡ ሁለት ፋርማሲስቶች ስለ እሷ ሰምተው ገጻቸውን እንድታይላቸው ላፕቶፕ ይዘው ወደ ሰዓት ሠሪው ሱቅ መጡ። ሁለቱም ሴቶች ናቸው። ከመደርደሪያው ጀርባ ወንበር ተሰጣቸውና ገጹን ከፈቱላት። በጣም ያምራል። ጠዋት ምን ያህል፣ ከምግብ በፊት ወይስ በኋላ፣ ሁሉም በየሳጥኑ ተቀምጧል። አራት ነጥብ አየችና በስልክ ክፈቱልኝ አለቻቸው። አንደኛዋ አዲስ ስልኳን አወጣች። አራት ነጥብ እሱን አልተቀበለችም፤ በሽተኞቻቸው የሚይዙት ዓይነት ስልክ ከሌላቸው ፈልገው እንዲያመጡ ነገረቻቸው። ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። ታላቂቱ ቦርሳዋን አንሥታ ስልክ ፍለጋ ወጣች፤ ታናሺቱ ግን ላፕቶፑን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ስትጠብቅ ቆየች። ሰዓት ሠሪው አንድ የግድግዳ ሰዓት ይሞላ ነበር። አራት ነጥብ ደግሞ የመመሪያውን የመጨረሻ መስመር አጎላችና ከኋላ ወደ ፊት ማንበብ ጀመረች።